ዋሽንግተን ዛሬም የምትጨቃጨቀው በዊልሰን ሥራ ነው

ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ዶናልድ ትራምፕ በዋይት ሀውስ የአትክልት ስፍራ ቆመው ከመላው ዓለም በሚገባ ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ መጣሉን አወጁ። በንግግራቸው መሀል ታሪክም ጣል አደረጉ። አሜሪካ ድሮ በቀረጥ የምትተዳደር አገር ነበረች፤ ሀብታም የነበረችውም ያኔ ነው፤ በ1913 ግን "ለሰው ልጅ ባልታወቀ ምክንያት" የገቢ ግብር መጣ አሉ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። ኮንግረስ ለወራት ተከራክሮበታል፣ ጋዜጦች ጽፈውበታል፣ ሕገ መንግሥት ሳይቀር ተሻሽሎለታል። የዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ነበሩ። በእሳቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት የወጡት ሕጎች ዛሬም ድረስ እያነታረኩ ነው። ቀረጥ ይሻላል ወይስ የገቢ ግብር? ማዕከላዊ ባንኩ ፕሬዚዳንቱን መስማት አለበት ወይስ የለበትም? ኩባንያዎችን የሚቆጣጠር ኮሚሽነር ፕሬዚዳንቱ ስላልወደዱት ብቻ ይባረራል? ሦስቱም ጥያቄዎች በ1913 እና በ1914 መልስ አግኝተው ነበር። አሁን መልሱ እንደገና ተከፍቷል።

የዊልሰን ስም ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስቶ ወደ ሜሪላንድ ኡበር የሚነዳ ሐበሻ የሚሻገረው የፖቶማክ ድልድይ በሳቸው ስም የተሰየመ ነው። ሰውዬው ፖለቲካ ውስጥ የገቡት ዘግይተው ነው። በ1856 ቨርጂኒያ ውስጥ ከፕሪስባይቴሪያን ሰባኪ ተወለዱ፤ የጉልምስና ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በማስተማር ነው። ፒኤችዲ ያለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እስከ ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን ስምንት ዓመት መሩ፤ ኒው ጀርሲን ለሁለት ዓመት ያህል አስተዳደሩ፤ ከዚያ በቀጥታ ዋይት ሀውስ።

ዕድልም ቀንቷቸዋል። በ1912 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ለሁለት ተሰነጠቁ። በአንድ በኩል ሥልጣን ላይ ያሉት ታፍት፣ በሌላ በኩል አርፈው መቀመጥ አቅቷቸው ተመልሰው የመጡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት። ዊልሰን 42 በመቶ ገደማ ድምፅ ብቻ ይዘው አሸነፉ። ሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ እንኳ 6 በመቶ አግኝተዋል። የጊዜው አየር እንዲህ ነበር። ሕዝቡ በባቡር ኩባንያዎች፣ በነዳጅ ነጋዴዎችና በዎል ስትሪት ባንኮች ተማርሮ ነበር። ለውጥ አያስፈልግም ብሎ ምርጫ ማሸነፍ አይቻልም። ክርክሩ ለውጡ የትኛው ይሁን የሚል ነበር።

ዊልሰን ሦስት ግንቦች አሉ፣ ሦስቱም ይፍረሱ አሉ። ቀረጡ፣ ባንኩ፣ ሞኖፖሊው (ገበያውን ብቻቸውን የያዙ ኩባንያዎች)።

የጀመሩት ከቀረጡ ነው። ኤፕሪል 8 ቀን 1913 ራሳቸው ኮንግረስ ሄደው ንግግር አደረጉ። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ከ1800 ወዲህ አንድም ፕሬዚዳንት ያላደረገው ነገር ነበር፤ መልእክታቸውን በጽሑፍ ይልኩና ጸሐፊ ያነበው ነበር። አንዳንድ ሴናተሮች ሰውዬው እንደ ንጉሥ ሊሆኑ ነው ብለው አጉረመረሙ።

ጉዳዩ ቀላል ነው። ከውጭ በሚገባ ሱፍ ላይ ከባድ ቀረጥ ከተጣለ የአገር ውስጡ ፋብሪካም ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ለክረምት ካፖርት የሚገዛው የቺካጎ ሠራተኛ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ባለ ፋብሪካው ያተርፋል። ሀብታሙም ድሃውም ካፖርት የሚለብሰው አንድ ስለሆነ ቀረጥ ከደሞዙ አንጻር ሲታይ የሚከብደው በድሃው ላይ ነው። የስኳሩም ነገር ያው ነው።

ረቂቁ የተወካዮች ምክር ቤትን በቀላሉ አለፈ። ሴኔት ሲደርስ ግን የሱፍና የስኳር ባለሀብቶች ወኪሎች ዋሽንግተንን አጥለቀለቁት። ዊልሰን ሜይ መጨረሻ ላይ በቀጥታ ለጋዜጦች መግለጫ ሰጡ። ሕዝቡ ሎቢስት የለውም፣ እነዚህ ሰዎች ግን ገንዘባቸውን እየረጩ ነው የሚል መንፈስ ያለው። ሴኔቱ ተናዶ ምርመራ ከፈተ፤ ምርመራው ግን ተመልሶ ራሱ ላይ ዞረ። ሴናተሮቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ምን ንብረት፣ ምን አክሲዮን እንዳላቸው በይፋ መናገር ነበረባቸው። የስኳር አክሲዮን ይዞ ስለ ስኳር ቀረጥ ድምፅ መስጠት በአደባባይ ሲነገር ያሳፍራል። ሕጉ ኦክቶበር 3 ቀን 1913 ተፈረመ። አማካይ ቀረጡም ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 27 በመቶ ገደማ ወረደ። ለእኔ ከሁሉም የዊልሰን ሥራ ጎበዝ ፖለቲካ የታየበት ይኼኛው ነው። ባለ ጉዳዩን መስኮት ከፍቶ ማሳየት ብቻ በቃ።

ቀረጥ ሲቀንስ ግን ካዝናው ይጎድላል። የገቢ ግብሩ የመጣው ይህን ለመሙላት ነው። 16ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዊልሰን ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው ከአንድ ወር በፊት በፌብሩዋሪ ጸድቆ ስለነበር መንገዱ ክፍት ነበር። የግብሩን ክፍል ያረቀቁት የቴነሲው ኮርደል ሃል ናቸው፤ በኋላ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሰው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። በዓመት እስከ 3,000 ዶላር የሚያገኝ ላጤ ምንም አይከፍልም፤ ባለትዳር ከሆነ እስከ 4,000። አብዛኛው የፋብሪካ ሠራተኛ በዓመት 1,000 ዶላርም አያገኝም ነበር። ከዚያ በላይ ላለው ገቢ መደበኛው ግብር 1 በመቶ ነው። ለትልልቅ ሀብታሞች ተጨማሪ አለ፤ ከ500,000 ዶላር በላይ ባለው ገቢ ላይ ድምሩ 7 በመቶ ይደርሳል። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሂሳብ ሠራተኛ በየዓመቱ ከወገኖቹ ጋር የሚታገልበት 1040 የሚባለው ፎርም የተወለደው ያኔ ነው። ሦስት ገጽ ቅጽና አንድ ገጽ መመሪያ ብቻ ነበር!

ትራምፕን የሚደግፉ ሰዎች አንድ እውነት አላቸው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ለጥቂት ሀብታሞች የታሰበው ግብር ቀስ በቀስ ሁሉም ሰው ዘንድ ደረሰ። መጀመሪያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የሀብታሞቹን ጣሪያ በ1918 ወደ 77 በመቶ ሰቀለው። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግብሩ ከተራው ሠራተኛ ቼክ ላይ በየደሞዙ መቆረጥ ጀመረ። ቢሆንም ወደ ቀረጥ እንመለስ የሚለው ሒሳብ አይሠራም። በ2024 የበጀት ዓመት ከግለሰቦች የገቢ ግብር 2.4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ገባ። ከቀረጥ የገባው 77 ቢሊዮን ገደማ ነው። ቀረጡ ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ከግብሩ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ደግሞም ካፖርቱን የሚገዛው ያው ሠራተኛ ነው።

ሁለተኛው ግንብ ባንኩ ነበር፤ የለውጡ ሁሉ ትልቁም እሱ ነው።

በኦክቶበር 1907 ኒከርቦከር ትረስት የተባለው የኒው ዮርክ ተቋም ወደቀ። ሰው ገንዘቡን ለማውጣት በየባንኩ በር ተሰለፈ። አሜሪካ ያኔ ማዕከላዊ ባንክ የላትም። አገሪቱን ያዳነው ጄ.ፒ. ሞርጋን የተባለ አንድ የግል ባለ ባንክ ነው። የባንክ ኃላፊዎችን ማንሃተን ባለው ቤተ መጻሕፍቱ ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ ገንዘብ ካላዋጣችሁ አትወጡም አላቸው። አዋጡ። ቀውሱ በረደ። ግን ሁሉም ሰው አንድ ነገር ገባው፤ ይህች ትልቅ አገር በአንድ የ70 ዓመት ሽማግሌ በጎ ፈቃድ ላይ ቆማለች። ሞርጋን ራሱ በማርች 1913 ሞተ።

ማዕከላዊ ባንክ ያስፈልጋል የሚለው ላይ ብዙዎች ተስማሙ። ማን ይዘዘው የሚለው ላይ ግን ተጣሉ። በ1910 ሴናተር ኔልሰን ኦልድሪች ከጥቂት የዎል ስትሪት ሰዎች ጋር ጆርጂያ ውስጥ ጄኪል በምትባል ደሴት ተደብቀው አንድ ዕቅድ አዘጋጅተው ነበር። ባቡሩ ላይ የቤተሰብ ስማቸውን እንኳ አይጠሩም ነበር፣ እንዳይታወቁ። በዚያ ዕቅድ ባንኩን የሚመሩት ባንኮቹ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ የዊልሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን፣ የገበሬው ጠበቃ፣ ገንዘብ ማተም የመንግሥት ሥራ ነው፣ ባንኮች እጃቸውን ያንሱ የሚሉ ነበሩ።

ዊልሰን መሀሉን ያዙ። ቨርጂኒያዊው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ካርተር ግላስ ያረቀቁት ሕግ ፌደራል ሪዘርቭ (ባጭሩ ፌዱ) የተባለውን ማዕከላዊ ባንክ አሥራ ሁለት የክልል ባንኮች አድርጎ አቋቋመ፤ እነሱ ውስጥ የግል ባንኮች ድርሻም ድምፅም አላቸው። ከላይ ግን በፕሬዚዳንቱ የሚሾም ቦርድ ተቀመጠ። ባንኮቹ በቦርዱም ወንበር ይሰጠን ብለው ግላስን አስከትለው ዋይት ሀውስ መጡ። ግላስ እንደተረኩት ዊልሰን በጽሞና ሰሟቸው፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ከእናንተ መሀል የባቡር ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ውስጥ የባቡር ድርጅቶች አባል ይሹሙ የሚል አለ? ዝም አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ፖለቲካውም አልቀረም። ሚዙሪ ብቻዋን ሁለት የፌደራል ሪዘርቭ ባንኮች አገኘች፣ አንዱ ሴንት ሉዊስ፣ ሌላው ካንሳስ ሲቲ። የዚያን ጊዜ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሚዙሪ ሰው ነበሩ። አጋጣሚ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን።

እዚህ ላይ የዛሬውን ክርክር የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ፌደራል ሪዘርቭ ከተወለደ ጀምሮ ነጻ ነበር ሲባል ይሰማል። አልነበረም። የመጀመሪያው ቦርድ ሰብሳቢ የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊሊያም ማካዱ ነበሩ፤ የዊልሰን አማችም ሆኑ፣ በ1914 ልጃቸውን አግብተው። ሚኒስትሩ ከቦርዱ የወጡት በ1935 በወጣው ሕግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፌዱ ወለዱን ዝቅ አድርጎ የያዘው መንግሥት በርካሽ እንዲበደር ነበር። ከዚያ ነጻ የወጣው በ1951 ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ነጻነቱ የተገነባው ቀስ በቀስ ነው፣ በየቀውሱ ማግስት። ዊልሰን የሰጡት መነሻውን ነው፤ የቦርዱ አባል ለረጅም ዘመን ይሾማል፣ ፕሬዚዳንቱም ያለ በቂ ምክንያት አያነሳውም።

ሦስተኛው ግንብ ሞኖፖሊው ነበር። በ1914 ሁለት ሕጎች ወጡ። አንዱ ኩባንያዎች ሊያደርጓቸው የማይችሏቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። ሌላው የፌደራል ንግድ ኮሚሽንን አቋቋመ። አምስት ኮሚሽነሮች፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት ያልበለጡ፣ ለሰባት ዓመት የሚሾሙ። ፕሬዚዳንቱ ሊያነሳቸው የሚችለው በአቅም ማነስ፣ ሥራን ችላ በማለት ወይም በሥልጣን በመባለግ ብቻ ነው። ሐሳቡ የዊልሰን አማካሪ የነበሩት የቦስተኑ ጠበቃ ሉዊስ ብራንዳይስ የገፉት ነው፤ በ1916 ዊልሰን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አደረጓቸው። በዚያው በ1916 ለባቡር ሠራተኞች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ ለገበሬዎች ብድር፣ በሕፃናት ጉልበት ላይ ገደብ መጣ። የሕፃናቱን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው።

እስካሁን ያወራሁት ያማረውን ገጽ ነው። ሌላው ገጽ የተጻፈው በዚያው ዓመት፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን በፌደራል መንግሥት ሥራ ያገኙ ነበር። ፈተና ተፈትነው፣ አልፈው፣ ከነጮች ጎን ተቀምጠው ይጽፉ ነበር። በኤፕሪል 1913 በካቢኔ ስብሰባ ላይ የፖስታ ሚኒስትሩ አልበርት በርልሰን ሠራተኛው በዘር ይለይ አሉ። ዊልሰን አልከለከሉም። በገንዘብ ሚኒስቴርና በፖስታ ቤት መጋረጃና መከለያ ቆመ፤ የምግብ ጠረጴዛና መጸዳጃ ተለየ። ጥቁሩ ምሁር ደብሊው.ኢ.ቢ. ዱቦይስ በዚያው ዓመት ለዊልሰን በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ስለ አንድ ጸሐፊ ይናገራሉ። የሥራው ጠባይ ከነጮቹ ለመለየት አያስችልም ነበር። ስለዚህ ዙሪያውን እንደ ማጎሪያ ያለ ሳጥን ተሠራበት፣ ለዓመታት አብረውት ከሠሩት ባልደረቦቹ እንዲለየው። ከ1914 ጀምሮ ደግሞ ለመንግሥት ሥራ የሚያመለክት ሁሉ ፎቶግራፍ ማያያዝ ነበረበት። ፈተናው ማን እንደሆንክ አያውቅም ነበር፤ ፎቶው ያውቃል። ኢኮኖሚስቶች በቅርብ ዓመታት የዚያን ዘመን የደሞዝ መዝገብ አገላብጠው በጥቁርና በነጭ የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ያለው የገቢ ልዩነት በዊልሰን ዘመን መስፋቱን አሳይተዋል።

ዱቦይስም ሆኑ የቦስተኑ ጥቁር ጋዜጠኛ ዊሊያም ሞንሮ ትሮተር በ1912 ለዊልሰን ድጋፍ የሰጡ ነበሩ። ትሮተር ሃርቫርድ የተማሩ፣ ምላሳቸው የማይፈራ ሰው ናቸው። ኖቬምበር 12 ቀን 1914 ልዑካን ይዘው ዋይት ሀውስ ገቡና ቃልዎ የት ገባ አሉ። ዊልሰን የሰጡት መልስ የክፉ ሰው መልስ አይመስልም፤ የአስተዳዳሪ መልስ ነው። መለየቱ የተደረገው ግጭት እንዳይኖር ነው፣ ውርደት ሳይሆን ጥቅም አድርጋችሁ እዩት አሉ። ትሮተር አልተቀበሉም። ለሃምሳ ዓመት አብረው ሲሠሩ ግጭት አልነበረም ብለው ተከራከሩ። ዊልሰን በአነጋገራቸው ተቆጡ፣ ሁለተኛ ስትመጡ ሌላ ቃል አቀባይ ምረጡ ብለው አሰናበቷቸው።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ከለውጦቹ ለይተው ያዩታል፤ ታላቅ ለውጥ አራማጅ፣ ግን የዘመኑ ሰው እያሉ። እኔ መለያየቱ አይታየኝም። ዊልሰን ገና በ1887 ፕሮፌሰር ሳሉ ጽፈውበታል፤ አስተዳደር ከፖለቲካ መለየት አለበት፣ ሥራውን ለሚያውቁት ሰዎች ተዉት የሚል። ፌዱም ንግድ ኮሚሽኑም የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ጎን አለው። ግን "የሚያውቁት ሰዎች" እነማን ናቸው? መከለያውን ያቆመው የገንዘብ ሚኒስቴር የማካዱ ነው። የፌደራል ሪዘርቭን የመጀመሪያ ቦርድ የመሩትም ማካዱ ናቸው። ገለልተኛ የተባለው አስተዳደር ለትሮተር ገለልተኛ አልነበረም። ፕሪንስተን በ2020 የዊልሰንን ስም ከፖሊሲ ትምህርት ቤቱ ላይ አነሳ። በ2022 ደግሞ ዋሽንግተን ቴንሊታውን ያለው፣ የእኛም ልጆች የተማሩበት የዊልሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጃክሰን-ሪድ ተባለ፣ በትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር መምህርትና የመጀመሪያው ጥቁር ርዕሰ መምህር ስም።

ወደ ዛሬ እንምጣ። በማርች 2025 ትራምፕ ሁለቱን ዴሞክራት የንግድ ኮሚሽነሮች ርቤካ ስሎተርንና አልቫሮ ቤዶያን አባረሩ። ሕጉ የሚጠይቃቸውን ሦስት ምክንያቶች አንዱንም አልጠቀሱም። ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ያውቃል። በ1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዊሊያም ሃምፍሪ የተባለውን ኮሚሽነር አስወጡ፤ ሰውዬው ሞተ፣ የውርስ አስፈጻሚው ደሞዙን ጠይቆ ከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1935 ያለ ተቃውሞ ፕሬዚዳንቱ ተሳስተዋል አለ። የስሎተር ክስ ዲሴምበር 2025 ላይ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲሰማ የተከራከሩበት ይኸው የ90 ዓመት ፍርድ ነው።

ኦገስት 2025 ላይ ደግሞ ትራምፕ የፌዱን የቦርድ አባል ሊሳ ኩክን አንስቻለሁ አሉ። ምክንያት ያደረጉት ኩክ ከመሾማቸው በፊት ተፈጽሟል የተባለውን የቤት ብድር ሰነድ ጉዳይ ነው፤ ኩክ ጥፋት አልሠራሁም ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በፌዱ ታሪክ በቦርዱ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። በ1913 ጥቁር ጸሐፊ በሳጥን ከታጠረበት መንግሥት የወጣ ተቋም ውስጥ ለዚያ ወንበር 109 ዓመት ፈጀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ መከላከል ግድ ሆነ።

ትራምፕ ወለድ ይውረድ ሲሉ ፌዱን ሲጫኑ መክረማቸውን ሁሉም ያውቃል። ገበያው ደግሞ ይህን ይፈራል። ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ባለው ቁጥር ወለድ የሚያወርድ ከሆነ ዋጋ ንረት ይከተላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ገበያው ምን እንደሆነ ላየ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ፍርሃት የሰማ ይመስላል። በሜይ 2025 ስለ ሌሎች ገለልተኛ ተቋማት በሰጠው ጊዜያዊ ትዕዛዝ ላይ ፌደራል ሪዘርቭ የተለየ ነው የሚል አንቀጽ ጨመረ፤ አደረጃጀቱ ልዩ ነው፣ ከፊል የግል ነው፣ ሥሩም የድሮዎቹ ብሔራዊ ባንኮች ጋ ይደርሳል አለ። እኔን አላሳመነኝም። የፌዱ ሕግ ዲሴምበር 1913 ተፈረመ፤ የንግድ ኮሚሽኑ ሕግ ሴፕቴምበር 1914። አንድ ኮንግረስ፣ አንድ ፕሬዚዳንት፣ የዘጠኝ ወር ልዩነት። ለሁለቱም የተሰጠው ጥበቃ መንፈሱ አንድ ነው፤ እንዲያውም ስለ ማባረር በግልጽ ምክንያት የዘረዘረው የኮሚሽኑ ሕግ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሕጉ ሳይሆን ከቦንድ (ከመንግሥት ዕዳ ሰነድ) ገበያው ይመስለኛል። ፍርድ ቤቱ በዚህ መንገድ ከቀጠለ ባለ ባንኮች የሚተማመኑበት ተቋም ጥበቃውን ይዞ ይቀራል፤ የሞባይል ኩባንያው ሲያታልልህ፣ መድኃኒት አምራቾቹ ተመሳጥረው ዋጋ ሲያስወድዱብህ አቤት የምትልበት ኮሚሽን ግን ፕሬዚዳንቱ በፈለጉ ቀን የሚበትኑት ይሆናል።